ሄድፎን ልንገዛ የወጣን ቀን

ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ወደ ከተማችን አምበር የመጣች ሰሞን እኔን ልታግዝ ወፍጮ ቤታችን ገባችና፣ ብዙም ሳትቆይ ጆሮዋን በእጆቿ ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ እንዴት ትውያለሽ?»

«ለመድኩታ» አልኳት።

ዋሽቼ አልነበረም። እሷን ከመውለዴም በፊት ጀምሮ፣ ሞተሩ ከግራዬ እያጓራ እህል ወደ ወፍጮው አፍ ስገለብጥ ነው የኖርኩት። ማታ ጋደም ስል ግን ጆሮዬ ውስጥ እንደ ፌንጣ ያለ ነገር ሲጮኽ ያድር ነበር። ይህን ለባሌም አልነገርኩትም። ብናገረው እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ወፍጮውን የተከለው አባቴ ነው። እሱም በስተርጅናው ደንቁሮ ሞተ። መደንቆሩ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሰው አጠገቡ ሲነጋገር የሚያሙት ይመስለው ጀመር። ከማኅበር ቀረ፤ ከወንድሙ ጋር ተኳረፈ። እናቴ ምግብ ስታቀርብለት እንኳ ከንፈሯን እያየ፣ «ምን አልሽ? ስለ እኔ ምን አልሽ?» ይላት ነበር። ምስኪን፣ «እንጀራው ሳይደርቅ ይብሉ» ከማለት በቀር ያለችው ነገር አልነበረም። ቁጣው አሁንም በሕልሜ ይመጣብኛል።

ልጄ ይህን ሁሉ አታውቅም። ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችኝ። «ገመድ የለውም። ጩኸት የሚያጠፋ ሄድፎን ነው። ጓደኞቼ አውቶቡስ ውስጥ ሲያደርጉት የሞተሩ ድምፅ አይሰማቸውም» አለች። ቅዳሜ በሚኒባስ ተሳፍረን ደብረ ማርቆስ ወረድን።

መናኸሪያው አካባቢ ካሉት የስልክ ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ሻጩ ፍንጭት፣ ሳቂታ ወጣት ነበር። ያሉትን ሁሉ መስታወቱ ላይ ደረደረልን። አንዱ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ትራሱ ወፍራም ነው፤ ሌላው የሚታጠፍና ቀለል ያለ ነው።

«ባትሪው የሚበረክተው ይኼ ነው፤ ጩኸት በማጥፋት ግን ትልቁን የሚያህለው የለም» አለ።

«ኦርጅናል ነው?» አለች ልጄ።

«ለእናቴ ፎርጅድ እሸጣለሁ?»

ትልቁን ራሴ ላይ አድርጎ አንዲት ቁልፍ ጫነ። የባጃጁ ጩኸት፣ የረዳቶቹ «ደጀን! ደጀን!» የሚለው ጥሪ፣ በር እንደተዘጋበት ሁሉ ራቀ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ከስልኩ መዝሙር ከፈተልኝ። በገናው በቀኝ በኩል ቁልጭ ብሎ መጣ። በግራ ምንም የለም።

«ይኼ ግራው አይሠራም» አልኩት።

ወስዶ ራሱ ላይ አደረገው። «ይሠራል፣ እናቴ።» ቢሆንም አልተከራከረኝም፤ የሚታጠፈውን ሰጠኝ። እሱም በግራ ዝም አለ። ሦስተኛ ሞከርን፤ ያው ነው። ልጄ ሳቋን እየያዘች፣ «ሁሉም ተበላሽተው ነው እንዴ የመጡት?» አለችው።

ወጣቱ ትንሽ አሰበና፣ «እስቲ ትልቁን ገልብጠው ያድርጉት። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ» አለኝ።

ገልብጬ አደረግሁት። አይሠራም ያልኩት ወገን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ሲሆን በገናውን ጥርት አድርጎ አሰማኝ። ደህና ነው ያልኩት ወገን ግራ ጆሮዬ ላይ ሲሆን ድዳ ሆነ።

ወጣቱ ሳቁ ጠፋ። ቻርጀሮቹን የሚያስተካክል መስሎ ፊቱን አዞረ። ሄድፎኑን አውልቄ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ በየት በኩል እንደቆመች አላየሁም። ድንገት ከፊቴ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ አሁን ስጠራሽ አልሰማሽም?»

«መቼ ጠራሽኝ?»

«በግራሽ ሆኜ። ደጋግሜ ጠራሁሽ እኮ።»

ምንም ሳንገዛ ወጣን። መንገድ ስንሻገር እጇን እንደ ሕፃን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ በድምፁ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላችን ሁለት ሴቶች እየተንሾካሾኩ ይስቁ ነበር። ስለ እኔ ይሆን? ብዬ አሰብኩ። አባቴ የጀመረው እንዲህ ነው።

ባሌ ሲሰማ፣ «ቆሻሻ ይሆናል፣ ይታጠባል» አለ። እኔም ቆሻሻ ይሁን ብዬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ሰኞ ከልጄ ጋር ማርቆስ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጆሮዬን አየልኝ፤ ንጹሕ ነው አለ። የብረት ሹካ የመሰለ ነገር እየመታ በየጆሮዬ በር ያዘልኝ፤ የት እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። ኋላም ጆሮዬን ሸፍኖ ቀጫጭን ድምፆች አሰማኝ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ልለው ቃጣኝ፤ ግን ፊቱን አየሁና ተውኩት።

«በግራ የጠፋው አይመለስም፣ እናቴ» አለኝ። «ቀኙ ግን አለ። እሱን ይጠብቁት።»

«ሄድፎን ልገዛ ነበር።»

«እሱ ለመንገድና ለቢሮ ነው፤ ለወፍጮ አይበቃም። የድንጋይ መፍጫ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ወፍራሙን የጆሮ መሸፈኛ ያግኙ። መዝሙር የለውም፣ ባትሪ የለውም፤ ዝም ብሎ ይደፍናል።»

ልጄ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ መሸፈኛውን ከአዲስ አበባ ገዝታ ላከችልኝ፤ ቢጫ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት ቀን እህል አስፈጪዎቹ ሳቁብኝ፤ ሳቃቸውን አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ሲላላ ሲያፏጭ ነበር የማውቀው። አሁን ማን ይነግረኛል? ዓይኔ ከእህሉ ወደ ቺንጋው ሲመላለስ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። ዘልዬ ወደ ቺንጋው ስወድቅ ቀሚሴን ጨምድዶ መለሰኝ። ሞተሩን አጥፍተን ሁለታችንም ጆንያ ላይ ቁጭ አልን። በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄዶ ለቺንጋው የብረት ከለላ አሠራ። ከኋላ ማንም እንዳይነካኝም ተስማማን።

በዓመቱ ለምርመራ ተመልሼ ማርቆስ ሄድኩ። ቀኙ እንዳለ ነው ተባልኩ። ከሆስፒታሉ በር ላይ ለባሌ ደወልኩለት።

«ደህና ነው አሉኝ!»

«ምን አልሽ? ጮክ በይ!»

«ወፍጮውን አጥፋውና ስማኝ እንጂ!»

«የምን ወፍጮ? መብራት ጠፍቶ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ተመልሼ ገባሁና ለእሱም የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ አስያዝኩ።