«ግን»ን ማን አስገባው?

ልጅ ሳለሁ አዘዞ ውስጥ ያልፈነከትኩት እኩያዬ ጥቂት ነው። ኩራዝ ፈንድቶ ግራ ጉንጬን ካቃጠለኝ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች ስሜን ትተው «ኩራዝ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንዲያ ያለኝን ሁሉ በድንጋይ እፈነክተው ነበር። ደግ አደረግሁ፤ ዛሬም አይቆጨኝም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ድንጋዩም ሰለቸኝ። መብራት ጠፍቶ ቤቱን የሚያበራው የምድጃው ፍም ብቻ ነበር፣ ጭሱ ዓይን ይለበልባል፣ ግዕዝ የተማሩት መነኩሲት የአባቴ አክስት እማሆይ ጥግ ይዘው ጸሎት ያደርሳሉ። ያኔ በልጅ አእምሮዬ፣ ሁለቱ ጉንጮቼ እኩል ቢሆኑ ስድቡ የሚቀርልኝ መስሎኝ፣ ፍም በጉጠት አንስቼ ወደ ደህናው ጉንጬ አስጠጋሁ። እማሆይ እጄን በመቋሚያቸው መቱኝ። ፍሙ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ አንጓዬም አብጦ ሰነበተ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው» አሉና አለቀሱ። ፍሙን እየሰበሰቡም በመጽሐፍ ስላለችው፣ ፀሐይ ስላጠቆራት ሙሽራ ነገሩኝ። ወዳጇ ደጇን ቢያንኳኳ ለመክፈት ዘገየች፤ ልትፈልገው በከተማዋ ስትንከራተት ዘበኞች አገኟት፤ ደብድበው አቆሰሏት፣ ነጠላዋንም ገፈፏት።

«ከተማዋ ያንቺው ልብ ናት» አሉኝ። «ወዳጇ ፈጣሪ ነው፤ ከዚያው ከልብሽ ሆኖ ያንኳኳል። በፍም የመጡብሽ ዘበኞችስ እነማን ናቸው?»

«የሰፈሩ ልጆች ናቸው» ልል አፌን ከፈትኩ። ጉጠቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩና መልሼ ዘጋሁት።

ሙሽራይቱ ስለ ራሷ ያለችውን እንድደግም አዘዙኝ። «ጥቁር ነኝ፣ ግን ውብ ነኝ» አልኩ፣ በአማርኛው መጽሐፍ እንደተጻፈው።

መቋሚያው ወለሉን መታው። «‹ግን›ን ማን አስገባው? ግዕዙ ‹ወ› ነው የሚል። ጥቁርም ነኝ፣ ውብም ነኝ። በይ፣ ያንቺን በይው።»

«ጠባሳም አለብኝ፣ ውብም ነኝ» አልኩ፣ እያፈርኩ። ፍሙ አመድ እስኪሆን አስደገሙኝ።

እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል፤ ከነገሩኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ያችን አንዲት ፊደል፣ ‹ወ›ን ነው። ጠባሳዬ አልጠፋም፣ ቁጣዬም አልበረደም። ባለፈው ሰሞን ከመሃል ከተማ ወደ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላዬ በከፊል የሸፈነውን ጉንጬን ትክ ብለው አዩና «ሸጋ ልጅ ነሽ፣ ግን…» አሉ። እጄ እንደ ድሮው ድንጋይ ፈለገ። ነጠላዬን ከጉንጬ ላይ አወረድኩና «‹ግን›ን ይተዉት፣ እናቴ» አልኳቸው።