ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ከምርጥ አስራ አንድ የቀረው በረኛ

የእህቴ ባል ጎሚስታ ነው። ጎማ ይፈታል፣ የተበሳ ካላማዳሪያ ይለጥፋል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ለጋራዦች ቡድን በረኛ ሆኖ ይቆማል። ተከላካዮቹ ኳስ ሲመጣ መንገድ የሚለቁ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲወድቅ ሲነሳ ኖሯል። እኔ ኳስ አልወድም፤ እሱን ግን እወደዋለሁ።

ዘንድሮ የሠራተኞች ውድድር ሲያልቅ በየጨዋታ ቦታው ኮከብ የተባሉት ብቻ ተመርጠው፣ ምርጥ አስራ አንድ ተብለው ከሌላ ከተማ ቡድን ጋር ሊጫወቱ ነበር። ለእሱ የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ ጉልበቱም እየከዳው ነው። «አንዴ እንኳ ደህና ተከላካይ ከፊቴ ቆሞልኝ ብጫወት» ይላት ነበር እህቴን።

በመዝጊያው ቀን በድምፅ ማጉያ «ኮከብ በረኛ፣ የዳቦ ቤቱ ቡድን በረኛ!» ተባለ። የእህቴ ባል አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች» ብለው የጠሩት ማንን ነው? እሱን! ዋንጫውን ታቅፎ ሲመጣ መሳቅም ማዘንም አቅቶት ነበር።

«ከሁሉም በልጬ፣ ከበረኛ አንሼ? እንዴት ነው ነገሩ?» አለኝ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ ጋሼ?»

በማግስቱ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ካላማዳሪያውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን እያየ ይቆዝማል። ቀዳዳው ከተገኘ ቆይቷል፤ እሱ ግን አላወጣውም። አንጀቴን በላኝና እጁን ይዤ ተጫዋቾቹን ወደመረጠው አሰልጣኝ ወሰድኩት።

አሰልጣኙ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። «ጥያቄው ሁለት ነው» አለው። «ኮከብ ተጫዋች ስንመርጥ፣ ይሄ ሰው ባይኖር ቡድኑን ምን ይውጠው ነበር እንላለን። ያለ አንተ ጋራዦች ገና ድሮ ተሰናብተው ነበር። በረኛ ስንመርጥ ግን በረኞቹን ብቻ ጎን ለጎን አቁመን ነው የምናወዳድረው። እውነቱን ልንገርህ፣ የዳቦ ቤቱ ይሻላል።»

«እሱ ጋራዥ ቢጫወትስ?» አለ የእህቴ ባል።

«ምናልባት ኮከቡ እሱ ይሆን ነበር።»

«እኔ ዳቦ ቤት ብገባስ?»

«ስምህም አይነሳ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ዋንጫው የማን ነው? የሱ ነው ወይስ የነዚያ ሰነፍ ተከላካዮች?» ብዬ ጮህኩበት። አሰልጣኙ አሰብ አደረገና «እሱን እኔም እንጃ» አለ። እውነቱን ነው መሰለኝ፤ እኔም እስካሁን አልገባኝም።

ማምሻውን የጋራዦች ተጫዋቾች ሳቅ በሳቅ ሆነው እህቴ ቤት ገቡ። «እንኳንም አልመረጡህ! ደህና ቡድን ለምደህ መች ትመለስልን ነበር?» አለ ባትሪ ሠሪው፣ ከተከላካዮቹ አንዱ። «አንተ እያለህልን እኛ ምን አስጨነቀን!»

«ሃያ ዓመት ስጫወት ጨዋታ አይቼ አላውቅም» አለ የእህቴ ባል ቀስ ብሎ። «የማየው ኳስ ሲመጣብኝ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ ማየት አምሮኝ ነበር።»

አልሰሙትም። አንስተው ትከሻቸው ላይ ሰቀሉት፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነውና አንገቱን ሰብሮ ከላይ አየኝ። እንኳን ደስ ያለህ ልበለው ወይስ አይዞህ፣ ግራ ገባኝ። እንደሚወዱት አያጠራጥርም። መከላከል ግን መቼም አይማሩለትም።