አራት ዓመት የኖሩት ልጆች

ሰልባጅ ልብስ የሟች ልብስ ነው ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ይህን ከልባቸው የሚያምኑ ሰው የገጠሙኝ ግን ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ያውም ሰልባጅ ነጋዴ፣ እዚያው መርካቶ።

ጋሼ ከድር ሱቃቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ሃያ ሁለት ቁጥር ማሊያ ወደድኩትና ዋጋ ጠየቅኩ።

«እሱ አይሸጥም፤ የሕፃን ልብስ ነው» አሉኝ።

ማሊያው እኔን የሚያክል ሁለት ሰው ያስገባል። «ይሄ? የሕፃን?»

«የፈረንጅ ልጅ ትልቅ ነው» አሉና ከማሊያው ጋር ከአንድ የሰልባጅ እስር፣ ከቦንዳው የወጣ መጽሔት ገለጡልኝ። «ፊደላቸውን አላነብም፤ ቁጥር ግን አያመልጠኝም። የተወለዱበትና የሞቱበት ዓመት ይኸውልህ። ሁሉም አራት አራት ዓመት ብቻ ነው የኖሩት። ምን ዓይነት በሽታ ገብቶ ፈጃቸው ልጄ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

መጽሔቱን ሳነበው ጭንቅ ያዘኝ፤ መሳቅም አልቻልኩ። የአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን ነው፤ ያ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ። ማን ብዙ እንደሮጠ፣ ማን ብዙ እንዳስቆጠረ፣ ኮሌጅ ከገባበትና ከወጣበት ዓመት ጋር ተመዝግቧል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ባለሪከርድ ተጫዋቾች ናቸው። አራት ዓመት ተምረው ተመረቁ እንጂ አልሞቱም።»

«አንዳቸውም?»

«አንዳቸውም።»

ከዚያ ማሊያውን አውርደው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

«አየህ የዱዓን ነገር! በየጁምዓው እለምንላቸው ነበር፤ አላህ ሁሉንም መለሰልኝ!»