ታሜዞ “ደክሞኛል” ያሉበት ጠዋት

ጃፓን አገር፣ ኒጋታ ውስጥ የወንዙ ድልድይ ሲጠገን፣ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ፊት ለፊት ይቆማል። የጓደኛውን ሄልሜት ያያል፣ ቀበቶ ያያል፣ መጨረሻ ላይ ጓደኛው ፊት ላይ ጣቱን ይቀስርና “ፊት፣ ጥሩ!” ብሎ ይጮሃል። የፊቱ መልክ ካላማረ መወጣጫው ላይ መውጣት የለም።

ኖዙዌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆመው ከታሜዞ ጋር ነው። ሥራውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የመወጣጫ ብረት ሲያስሩ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ጎረምሳ አይደርስባቸውም! ችግሩ፣ በዚያ ዕድሜ አንዴ መሬት ከወረዱ ማንም መልሶ አያወጣቸውም። መጥረጊያ ይሰጧቸዋል፣ በቃ።

ከሥራ ሲወጡ ሁሉም “ደክመሃል፣ በርታ” ይባባላል። ለሌላው ነው እንጂ ስለ ራሱ “ደከመኝ” የሚል የለም። ታሜዞማ ጭራሽ!

ብርዱ የጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ኖዙዌ ጣቱን ሊቀስር ሲል የታሜዞ ፊት አመድ መስሏል።

“ጋሼ፣ ትናንት የሩዙን አረቄ አበዙት እንዴ?” አለ እየሳቀ።

“ዝም በል አንተ! ያንተ ፊት ደግሞ መቼ አምሮ ያውቃል?” አሉት። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ኖዙዌ፣ ደክሞኛል። በጣም። ለማንም እንዳትናገር፤ ድልድዩ እስኪያልቅ ብቻ።”

ኖዙዌ ክው አለ። ይህችን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅማ!

“እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ? ጩኹ እንጂ!” አለ ፎርማኑ።

“ጥሩ” ቢል ታሜዞ ይወጣሉ። ከዚያ ላይ ቢወድቁስ?

“ፊት… ጥሩ አይደለም” አለ ኖዙዌ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ታሜዞ ቀበቷቸውን ፈቱ፣ አጣጥፈው አስቀመጡና አውቶቡስ ይዘው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም።

እሁድ ኖዙዌ መንደሪን ገዝቶ ቤታቸው ሄደ። በሩን የከፈቱለት ሚስታቸው ፉሚኖ ናቸው።

“ሐኪሙ ልቡ ነው አለ” አሉት። “ያን ቀን ቢወጣ ኖሮ… አንተ ነህ ያተረፍክልኝ፣ ልጄ።”

“ልያቸው?”

“ቆይ፣ ልንገረው።”

ገቡ። ወረቀት ከተለጠፈበት የውስጥ በር ጀርባ የታሜዞ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ አጭር ንግግር። ፉሚኖ ተመለሱ። ዓይን ዓይኑን አላዩትም።

“ተኝቷል” አሉ።

“እንዴ፣ ይተኙ እንጂ። ይረፉ።”

መንደሪኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። ወደ ተዘጋው በር ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ እንደ ጎነበሰም ብዙ ቆየ። ማንም አልጠራውም።