ግጥሜ ያቆማት ጀልባ

"ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ፣ ሲስተር!"

"አልተበላሸም። አንተ ዝም ስትል ጀልባዋ ትሄድ የለም እንዴ?"

"ታዲያ የተበላሸሁት እኔ ነኝ?" አልኳት።

ታላቅ ወንድሜ ሳቀ። ጭንቅላቱ ላይ በቅባት የተለጠፉት ቀጫጭን ሽቦዎች አብረውት ተንቀጠቀጡ።

አምቦ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነበርን። ወንድሜ ከጦር ግንባር ከተመለሰ አሥር ዓመት አልፎታል፤ የድስት ክዳን ሲወድቅ ግን አሁንም ከወንበሩ ይፈናጠራል። አንድ ቀን ገበያ መሀል የአይሱዙ ጎማ ፈንድቶ በደረቱ ተኛ። ሰው ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወ። እናታችን ቸርች ወስዳ አስጸለየችለት። በኋላ ከውጭ የመጣ ሐኪም ይህን መሣሪያ ለክሊኒኩ ትቶ ሲስተርን አሠለጠናት። ሽቦዎቹ የአንጎሉን ሁኔታ ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ፤ ሲረጋጋ ስክሪኑ ላይ ያለችው ጀልባ ትሄዳለች፣ ሲደነግጥ ትቆማለች። እሷን እያስኬደ መረጋጋትን ይለማመዳል። በስድስተኛው ሳምንት ብቻውን ገበያ ሄዶ ከጎጆ ከተማ የመጣ ድንች ገዝቶ መጣ።

የዚያን ዕለት ይበልጥ ላረጋጋው ብዬ ግጥሜን ይዤ ገባሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የነገረኝን፣ ጓደኛው ውሃ እየለመነ ምሽግ ውስጥ የሞተበትን፣ ነበር የጻፍኩት። አዳራሽ ውስጥ አንብቤው ተጨብጭቦልኛል። እራት ላይም ስንቴ አንብቤለታለሁ! ዝም ብሎ ሲሰማኝ የሚያደንቀኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ስንኝ ስጀምር ጀልባዋ ቆመች። ዝም አልኩ፤ ሄደች። ደገምኩ፤ ቆመች። ከሲስተር ጋር የተጨቃጨቅነው ያኔ ነው።

"ድምፄ ይሆናል" ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እጅን በሳሙና፣ ከምግብ በፊት፣ ከመጸዳጃ በኋላ...

ጀልባዋ ሄደች።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበራ።"

"እኔ ደስ ስላለኝ?"

"ታነባለህ፣ ትስቃለህ፣ ከዚያ እንጀራህን ትበላለህ። ምን ልበልህ?" ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። "እንድድን ትፈልጋለህ?"

"እንዴት አልፈልግ!"

"እንግዲያው ያቺን ግጥም የትም እንዳታነባት። አዳራሽም ቢሆን።"

ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሳካችልኝ እሷ ብቻ ነበረች። እሺ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን፣ "ስምህን እኮ አልጠቀስኩም" የሚል ነበር።

ጀልባዋ ቆመች።

"ዺሲ፣ ተወው" አለ፣ ሳይቆጣ። "ውጣልኝ።"

ወጣሁ። ሲስተር ከኋላዬ በሩን ዘጋችው፤ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ።