ቴካይአራን እንደጨፈርነው

በደሴታችን ገጣሚ ሞልቷል። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስለቅስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የኛው መንደር ሰው፣ ቴካይአራ!

መጀመሪያ የሳቅ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮኮናት ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ጣፋጩን ፈሳሽ ሲያወርድ፣ ከላይ ሆኖ በአላፊ አግዳሚው ላይ ግጥም ይወረውራል። ስለ አማቱ ኩርፊያ፣ ስለ ሰባኪው አሳማ፣ በሠርጉ ቀን ሱሪው ስለ ተቀደደበት ሙሽራ። ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። በነጻነት በዓል የጭፈራ ውድድር ላይ ግን ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ደሴታችን ካቀፈችው ውስጠኛ ባሕር ማዶ ያሉት ነበሩ። በሳቅ ማን አሸንፎ ያውቃል?

ከዚያ ባሕሩ ሚስቱንና ልጁን ወሰደበት። ዘመድ ሊጠይቁ በሞተር ጀልባ ወደ ጎረቤት ደሴት ሲሻገሩ ሞተሩ ጠፋ፤ ነፋሱ ወደ ሰፊው ውኃ ገፋቸው፤ በቃ። ጀልባዋም አልተገኘች። ቴካይአራ እንደ ግድግዳ የሚጋርደውን የጎጆውን ምንጣፍ ዙሪያውን አወረደና ገብቶ ተኛ። የኛ ልማድ የታወቀ ነው፦ ገጣሚ ግጥም ሲመጣበት እንዲህ ገብቶ ይተኛል፤ ራሱ እስኪወጣ ማንም አይገባበት፣ ማንም አያናግረው። የሚበላው ደጁ ላይ ይቀመጥለታል። ሲወጣ ስለ ባዶ ጀልባ ዘፈን ይዞ ወጣ። ማኔአባው፣ ትልቁ የመሰብሰቢያ አዳራሻችን፣ በለቅሶ ተናወጠ። ዳኞቹ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ጠረጉ። አሸነፍን! የተሸለምነውን አሳማ እየጎተትን ስንመለስ የሽማግሌዎቻችን አለቃ አባባ ኢኦቴባ፣ "ምስኪን ልጅ፣ ለካ እግዜር እንዲህ አድርጎ ነው የሚባርከው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዛፍ ላይ ሆኖ ዘፍኖ አያውቅም። ቀልድ ሲነግሩት ሌላው ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ይስቃል። አንዳንዴ ፈሳሹን ለማውረድ የሚቆርጥበትን ቢላ እንደያዘ ከዛፉ ሥር ቆሞ ይውላል፤ አይወጣም፣ አይሄድም። እኛ ምን ቸገረን፣ "እያጠራቀመ ነው" እንባባላለን።

ቀጣዩ ውድድር ሲቃረብ ምንጣፉን አውርዶ እንደገና ተኛ። ደስታችን! በዚያ በኩል እየጮኸ የሮጠ ልጅ ሁሉ ጆሮው ተቆነጠጠ። ምግቡ ሳይነካ ሲመለስ፣ "ከበፊቱ የባሰ ትልቅ ነው!" ተባለ። ሽታ ሽታ ሲለን መተኛ ምንጣፎቻችንን ራቅ አድርገን አነጠፍን። የማዶዎቹ ወሬው ደርሷቸው እንቅልፍ አጥተዋል አሉ።

ቲሮያ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የሟች ሚስቱ እህት ናት፤ በኛ ልማድ ዋርሳ ከዋርሳው እንደ ባልና ሚስት ይቀላለዳል። የመጣችው ደረቅ ኮኮናት በሚጭነው መርከብ ሲሆን፣ መርከቡ በውድድሩ ቀን ወደ ዋና ከተማችን ታራዋ ይመለሳል።

"ዋርሳዬስ የታል?" አለች።

"እሽ! ዘፈን ላይ ነው።"

ሳቀችብንና ምንጣፉን ገልጣ ገባች። የጭፈራ አለቃችን እትዬ አሪቲታና እኛ ከውጭ ተጠጋን፤ ዘፈኑን ቀድመን ብንሰማ ብለን።

"አንተ ሰነፍ፣ እኔን ሳታገባ ልትሞት ነው?"

አጠገቡ ስትቀመጥ ምንጣፉ ሲንኮሻኮሽ ሰማን።

"ዘፈኑስ?"

"የለም።"

"አንድ መስመር?"

"አንድ ቃል የለም፣ ቲሮያ። መነሳት አቅቶኝ ነው የተኛሁት። ሲነጋ፣ ለምን ነጋ እላለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትናገርም?"

"ማን አናግሮኝ?"

ወጥታ በቀጥታ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። "ይህ ሰው ታሟል፤ ጎኑ ቆስሏል። ታራዋ ሆስፒታል እወስደዋለሁ፤ መርከቡ ጋ እስከሚያደርሰን ጀልባ የሚሸከሙት አራት ወንዶች ስጡኝ።"

"ሴት ስታምጥ ታመመች ይባላል?" አሉ አባባ ኢኦቴባ።

"አባባ፣ እሱ አላማጠም። እየሞተ ነው።"

"መርከቡ እስኪነሳ ጊዜ አለ፣ ልጄ። ዘፈኑን ይስጠንና ራሴ እሸከመዋለሁ።"

ተመልሳ ገብታ ይህንኑ ነገረችው። ቴካይአራ በደከመ ድምፅ እንዲህ አለ፦

"ጎኔ ቆስሏል፣ አዙሩኝ።
ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውኃ ስጡኝ።
ጠዋቱን አታምጡብኝ።
ከዚህ አንሱኝ።"

አሪቲታ ከምንጣፉ ጀርባ ብድግ አለች። "መጣ!"

"ኧረ እናንተ ጉዶች፣ ልመና ነው!" ቲሮያ ከውስጥ ጮኸች።

"እሱ አይደል ውበቱ!" አለች አሪቲታ እንባዋን እየጠረገች። ጭኗን በጣቶቿ እየመታች ዜማውን ጀምራለች።

በውድድሩ ቀን አራቱ ወንዶች ተገኙ። ተሸክመው የወሰዱት ግን ወደ ጀልባው ሳይሆን ወደ ማኔአባው ነው። ከፊት፣ የክብር ቦታ ላይ፣ በትራስ ደግፈው አስቀመጡት። ክንዳችንን እንደ ወፍ ዘርግተን ተነሳን። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ እንደ ልማዳችን ሰው ለአድናቆት ሽቶ ይዞ እየሮጠ ይረጨን ጀመር። "ውኃ ስጡኝ" ስንል ቴካይአራ ቀኝ እጁን አነሳ። ጣቶቹ ተከፍተው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ቲሮያ ወደተቀመጠችበት ዘረጋው።

አዳራሹ በጩኸት ፈነዳ! አሪቲታ ዓይነ ፈጣን ናት፤ እጇን ልክ እንደሱ አነሳች። እኛም ሁላችን በአንድ ጊዜ አነሳን፤ ጣቶቻችን ሁሉ እየተንቀጠቀጡ።

ቲሮያ የተበሳ ኮኮናት ይዛ ሰውን እየገፋች መጣች።

"ተቀመጪ!" ቀሚሷን ይዘው ጎተቷት። "ልታበላሺው ነው!"

"ውኃ ነው የጠየቀው! አትሰሙም?"

"ሰማን እንጂ፣ ይኸው እያለቀስን!"

ሕዝቡ ድገሙ፣ ድገሙ አለ፤ ደገምን። የማዶዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በዚህ መሃል ባሕሩ በሰዓቱ ሸሽቶ ዳሩ ደርቆ ስለነበር ጀልባዋ ከዳር መነሳት አልቻለችም፤ መርከቡም ሳይጠብቅ ሄደ። አባባ ኢኦቴባ፣ "ሌላ መርከብ ይመጣል" አሉ፤ መሳፍንት እንኳ እንዲህ አይረጋጉም።

ጎጆው መልሰን ካስተኛነው በኋላ ቲሮያ ራሱን ደግፋ አጠጣችው። ጠጥቶ ጨረሰና አንድ ነገር አለ።

"ምን አልክ?"

"'አዙሩኝ' የሚለው ላይ ቸኮሉ። እዚያ ጋ ትንፋሽ መውሰድ ነበረባቸው። ንገሪያቸው።"

ሌላው መርከብ ሳይመጣ ሞተ። ቀብረነው ማኔአባው ውስጥ ስንበላ ቲሮያ መሃላችን ቆመች። እንባ የላትም። የላከልንን መልእክት ቃል በቃል ነገረችን። "እሱ እስከ መጨረሻው ለእናንተ ዘፈን አሰበ" አለች። "እናንተ አንድ ጊዜ እንኳ አላዞራችሁትም።" ምግባችንን ሳትቀምስ ወጥታ ሄደች።

አሪቲታ እጇን አጨበጨበች። "ልክ ነው! እኔም እዚያ ጋ የሆነ ነገር ተሰምቶኝ ነበር!"

ያንኑ ዕለት ተነስተን ሞከርነው። ልክ ነበር። አሁን "ጎኔ ቆስሏል" ካልን በኋላ ትንፋሻችንን ስበን ዝም እንላለን፣ ከዚያ ነው "አዙሩኝ" የምንለው፤ እዚያ ጋ የማዶዎቹ እንኳ ያለቅሳሉ።