የቅሉ ሊቀመንበር

በደርግ ጊዜ ጎንደር ላይ ስኖር፣ ጨዋታ ከአፌ አልወጣ ሲለኝ በእጄ እጫወት ነበር። ከአጥሬ ሥር፣ በጽጌረዳው መሀል እንጨት እየተከልኩ፣ በላዩ ቅል እየደፋሁ፣ የሰፈሩን ሰው እሠራለሁ። መንገደኛው ሁሉ «ይችማ እትየ ዘውዲቱ ናት!» እያለ ይስቃል። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ እሑድ ቆርቤ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አጥሬ ሥር ቆሞ አገኘሁት። የሚያየው አዲሱን የቅል ሰው ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ሆዱ በጭድ ተነፍቶ፣ እንደ ተናጋሪ እጁን ሰቅሏል።

«አያ መኮንን፣ ይህ ደግሞ ማነው?» አለኝ።

«የወፍ ማስፈራሪያ ነው» ብል እድን ነበር። በዚያ ዘመን በቀልድ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ግን ሥጋ ወደሙን በተቀበልኩበት አፍ እንዴት ልዋሽ?

«እርስዎ ነዎት፣ ጓድ» አልኩት።

ቅሉን ዞረው። ሆዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። የራሱንም ሆድ አየት አደረገ።

«ታዲያ ምነው ያለ ቆብ ፀሐይ ላይ አቆምከኝ?» አለና የራሱን ቆብ አውልቆ ቅሉ ላይ ደፋበት።